«ብዙ ሰው ስለሚጫወተው ተወዳጁ እሱ ነው» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አጫውታለሁ፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን እያንዳንዱ የአንድ ገጸ ባህሪ ሚና ይዞ ታሪክ የምንጫወትበት ጨዋታ ነው፣ ታሪኩ የሚካሄድባቸውም በርካታ ምናባዊ ዓለሞች አሉት። አዲስ ሰው ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠ ቁጥር ስለ ጨዋታው ዓለሞች ያንኑ ወሬ ይዞ ይመጣል። ቶሎ የሚያልቁትን ላስቀድም፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ግሬይሆክ የፎርጎትን ሪልምስ የድሮ ስሙ ነው።» አይደለም። ግሬይሆክ ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው የጋሪ ጋይጋክስ፣ ፎርጎትን ሪልምስ ደግሞ የደራሲው የኤድ ግሪንዉድ ዓለም ነው። ግሪንዉድ ደግሞ መጻፍ የጀመረው በልጅነቱ፣ በ1960ዎቹ ነው፤ ጨዋታው ራሱ የወጣው በ1974።

«ራቨንሎፍት ከመነሻው ሙሉ ዓለም ነበር።» በ1983 ሲወጣ አንድ ቫምፓየርና አንድ ግንብ ያለበት ጀብዱ፣ ማለትም ታትሞ የሚሸጥ አንድ የጨዋታ ታሪክ ብቻ ነበር። ዓለም የሆነው በ1990 ነው።

«ኢበሮን ስቲምፓንክ ነው።» ስቲምፓንክ ማለት ዓለሙ በእንፋሎት ማሽን የሚንቀሳቀስ ታሪክ ነው፤ ታዲያ እንፋሎቱ የታል? ባቡሩን የሚነዳው በአስማት የታሰረ መንፈስ ነው።

«ዳርክ ሰንን የሚወድ መሞት የሚወድ ነው።» የ1991ዱ መጽሐፍ ራሱ ተጫዋቹን ከሦስተኛ ደረጃ ያስጀምረዋል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው እንዲተካው አራት ገጸ ባህሪ አዘጋጅ ይለዋል። ጨካኝ የበረሃ ዓለም ነው፣ ግን ታስቦበታል።

አሁን ወደሚያናድደኝ። «ፎርጎትን ሪልምስን ብዙ ሰው ይጫወተዋል፤ ስለዚህ የብዙ ሰው ምርጫ እሱ ነው።» ሰፈሩ ውስጥ ያለው ሱቅ አንድ ብቻ ከሆነ ሁሉም ከዚያ መግዛቱ ምኑ ይገርማል? የጨዋታው አምስተኛ እትም በ2014 ከወጣ በኋላ ከታተሙት ጀብዱዎች አብዛኞቹ የተቀመጡት እዚያው ሪልምስ ውስጥ፣ በተለይ ሶርድ ኮስት በሚባለው ጠረፍ ላይ ነው። በ2023 እዚያው ሪልምስ ውስጥ የሚካሄደው የኮምፒውተር ጌም ባልዱርስ ጌት 3 ሲመጣ ደግሞ ከኮምፒውተር ጌም በቀጥታ ወደ ጠረጴዛ የሚመጣው በዛ። እንዲህ የመጣውን ሰው ሪልምስን ለምን እንደወደደው ስጠይቀው የሚያወራኝ ስለ ጌሙ ገጸ ባህሪ ስለ አስታሪዮን ነው። ካርታውን ዘርግቼ ከሪልምስ መንግሥታት አንዱ የሆነው ኮርሚር የት ነው ስለው ዝም።

ኩባንያው አንድ ዓለም ላይ ያተኮረውም በከንቱ አይደለም። የጨዋታው የቀድሞ አሳታሚ ቲ ኤስ አር በ1990ዎቹ ዳርክ ሰን፣ ፕሌንስኬፕ፣ በርዝራይት እያለ ዓለም በዓለም ላይ ሲደራርብ ደንበኛው ተከፋፈለ፤ የአንዱ አድናቂ የሌላውን መጽሐፍ አይገዛም ነበር። ድርጅቱን ለውድቀት ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው ይባላል፤ በ1997 ለዛሬው አሳታሚ ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ተሸጠ። የገበያ ስሌት ሌላ፣ ፍቅር ሌላ። ፍቅር ማየት የፈለገ የዳርክ ሰንን ሰዎች ይይ፦ በሦስተኛው እትም ዘመን ዓለማቸው ችላ ሲባል ቁጭ ብለው ደንቡን የጻፉት አድናቂዎቹ ናቸው።

«ሪልምስ ካልሆነ አልጫወትም» የሚል አንድ ልጅ ነበረኝ። አግባብቼ አታስ ላይ፣ ማለትም ዳርክ ሰን ዓለም ውስጥ አስቀመጥኩት። ብረት ብርቅ ነውና የአጥንት ሰይፍ ያዘ፤ የመጀመሪያው ውጊያ ላይ ተሰበረበት። ጓደኛው አስማት ሲጠራ ዙሪያው ያለው ቁጥቋጦ አመድ ሆነ። ማታውን ሙሉ በአንድ አቁማዳ ውኃ ሲጨቃጨቁ አመሹ። አሁን መቼ ነው የምንቀጥለው እያለ የሚነዘንዘኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ካምፔይን፣ ማለትም ለብዙ ምሽት የሚቀጥል ጨዋታ ልትጀምሩ ከሆነ ተጫዋቾቻችሁን «የትኛውን ዓለም ትወዳላችሁ?» አትበሏቸው፤ የሚያውቁትን አንዱን ስም ነው የሚጠሩላችሁ። ምን ማድረግ እንደሚያምራቸው ጠይቁ። ስለላና ከጦርነት በኋላ ያለ ቂም ካማራቸው ኢበሮን አለ። በየበሩ ሌላ ዓለም የሚከፈትባት ከተማ ከሆነ የፕሌንስኬፕዋ ሲጊል። ታሪኩን ሁሉ ሳላነብ አልጀምርም የሚለውንም ተዉት፤ አንድ መንደር፣ አንድ መጠጥ ቤትና የሦስት ሰው ስም ለመጀመሪያው ምሽት ይበቃል። መልሱ ሪልምስ ከሆነም እሰየው፣ ደህና ዓለም ነው። ብቻ ኤልሚንስተርን አታስገቡብኝ። ያ ሽማግሌ ጠንቋይ በአንድ ድግምት የሚጨርሰውን ሥራ ለጀማሪዎች እያሸከሙ ዓለሙን ያሰደቡት ሰነፍ ጌም ማስተሮች፣ ማለትም አጫዋቾች ናቸው።