መጠጥ የማይከለክል መጠለያ ምንድን ነው?

ብዙ መጠለያዎች በራቸው ላይ አንድ ሕግ አላቸው፤ ጠጥቶ መግባት ክልክል ነው። ለአብዛኛው ቤት አልባ ሰው ይህ ችግር አይሆንም። ዓመታት ሙሉ ሲጠጣ ለኖረ ሰው ግን «ውጭ እደር» ማለት ነው። ልተወው ቢል እንኳ በአንድ ሌሊት አይተወውም።

መጠጥ የማይከለክል መጠለያ ይህን ቅድመ ሁኔታ ያነሳ ቤት ነው። «ዌት ሼልተር» ሲሉትም ትሰማላችሁ። ቅድሚያ አልጋ ይሰጣል፣ የመጠጡ ነገር ቀስ ተብሎ ይታያል። መደባደብና መስረቅ እንደማንኛውም ቤት ያስወጣሉ። ጠጥቶ መገኘት ብቻውን አያስወጣም።

«ታዲያ እየቀዱ ሊያጠጧቸው ነው?» ይህ ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል። አንዳንዱ ቤት ውስጥ፣ አዎ፣ ይቀዳል። በካናዳዋ ኦታዋ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረ ፕሮግራም ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በየሰዓቱ እስከ 140 ሚሊ ሊትር ወይን ለክቶ ይሰጥ ነበር። ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ዓይን ያወጣ ነገር ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን የሕክምና ነው። በየቀኑ አልኮል የለመደ ሰውነት ድንገት ሲቋረጥበት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያንዘፈዝፋል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቅዠትና መወራጨት ሊከተል ይችላል። በዚህ ሰው ይሞታል። ገንዘብ ሲያጣ ደግሞ የእጅ ሳኒታይዘርና የአፍ መጉመጥመጫ የሚጠጣ አለ። ከዚያ ተለክቶ የተሰጠ ወይን ይሻላል።

ብርዱም አለ። አልኮል ያሞቃል ይባላል፤ እውነቱ ግን የቆዳ ደም ሥሮችን አስፍቶ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል። እዚያው ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ሦስት ቤት አልባ ሰዎች በብርድ ሞቱ። ከተማዋ እንዲህ ያለ መጠለያ የከፈተችው ከዚያ በኋላ ነው።

ውጤቱስ? የኦታዋውን ፕሮግራም 17 ነዋሪዎች የተከታተለ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት የድንገተኛ ክፍል ምልልሳቸው በ36 በመቶ፣ ከፖሊስ ጋር መጋጨታቸው በ51 በመቶ እንደቀነሰ ያሳያል። 17 ሰው ጥቂት ነው፣ ብዙ አያስፎክርም። የአሜሪካዋ ሲያትል ውጤት ግን ከበድ ይላል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው ቤት ለ75 ሰው የየራሱን ማደሪያ የሚሰጥ፣ መጠጡንም ነዋሪው ራሱ ገዝቶ የሚያስገባበት ነው። ከመግባታቸው በፊት በሆስፒታል፣ በእስርና በመሳሰሉት አንድ ነዋሪ በወር ወደ 4,066 ዶላር ያስወጣ ነበር። ከዓመት በኋላ 958 ሆነ። «ከፈቀድክላቸው ይብስባቸዋል» የተባለውም አልሆነም፤ በቀን ከ16 መለኪያ ገደማ ወደ 11 ገደማ ወረዱ። ማንም አላስገደዳቸውም። አሁንም 11 ብዙ ነው፣ ማድበስበስ አያስፈልግም።

ይኸው ቤት ከመከፈቱ በፊት ጎረቤት ባለንብረቶች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነበር። የጠቡ ዓይነት የትም አንድ ነው፤ ይሠራ፣ ግን እዚህ አይሁን። እንዲህ የሚለውን ሰው «ከራስ በላይ ነፋስ» ብሎ መስደብ ይቀናል። እኔ አልሰድበውም። ጠዋት ሱቁ ደጃፍ የተሰበረ ጠርሙስ የሚጠርገው እሱ ነው። ልጁም በዚያው መንገድ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ግን «ከከተማ ይውጣ» የሚለው መፍትሔ አያዋጣም። ሰዎቹ ክሊኒካቸው፣ ወዳጃቸው፣ የሚጠጡትም ያለው መሀል ከተማ ነው። ጠዋት ይመጣሉ፣ ማታ የመጨረሻው አውቶቡስ ያመልጣቸዋል፣ በዚያው በለመዱት በረንዳ ያድራሉ። ዳር ላይ የተሠራው ቤት አልጋው ባዶ ያድራል፣ ሰፈሩም ከችግሩ አይገላገልም። ደግሞም መጠለያው ሲመጣ አዲስ የሚመጡ የሚመስሉን ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ዛሬም እዚያው ሰፈር ውጭ የሚያድሩት ናቸው።

ስለዚህ ከቦታው ይልቅ ስለ በሩ ብንከራከር ይሻላል ባይ ነኝ። ማታ ብቻ የሚከፈት መጠለያን አስቡት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው። የመጀመሪያዋን የት ይጠጣታል? እዚያው የእግረኛ መንገድ ላይ፣ አጥሩን ተደግፎ። ማታ ደግሞ በር እስኪከፈት ሰልፍ አለ። ጎረቤቱ ያማረረው መጠለያውን ቢመስለውም ያማረረው የሰዓት አወጣጡ ነው። ቀን ከሌት ክፍት የሆነ፣ ከመንገድ የማይታይ ውስጥ ግቢ ያለው፣ ግቢው ውስጥ መቀመጫና የሲጋራ መተርኮሻ ያለበት ቤት መጠጡን ከመንገድ ወደ ውስጥ ይስባል። የአልጋው ቁጥርም ወሳኝ ነው። አንድ ሕንፃ ላይ መቶ ሰው ከመከመር ሁለት ሦስት ትንንሽ ቤት በተለያየ ሰፈር ማድረግ ይቀላል፤ «ለምን እኛ ብቻ?» የሚለውም ቅሬታ መልስ ያገኛል።

አስተዳደሮች የሚያበላሹት ብዙ ጊዜ አካሄዱን ነው። ሕንፃው ተገዝቶ፣ ውል ተፈርሞ፣ ከዚያ ሰው «ለውይይት» ይጠራል። ያኔ ለመደገፍ የመጣው ሳይቀር ተናድዶ ይወጣል። ቀድሞ ከተጠራ ግን የሚጠየቅ አለ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደጄ ጩኸት ቢሰማ የምደውልበት ስልክ የትኛው ነው? ማን ያነሳዋል? ጠርሙሱን በየስንት ሰዓቱ ማን ያነሳል? መልሱ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚታይበት ቀንም ከወዲሁ ይቆረጥ። ከሚገቡት ሰዎችም አንድ ሁለቱ ይጠሩ፤ ጠዋት ለምን እዚያ አጥር ሥር እንደሚቀመጡ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።