ከአልጋው አጠገብ፦ የነርስ እንክብካቤና የአእምሮ ደህንነት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ውስጥ ሌት ተቀን የሚሰማ አንድ ጥሪ አለ፦ «ሲስተር!» የሚጣራው ሰው ሁልጊዜ መድኃኒት ፈልጎ አይደለም። ግሉኮሱ ያለቀ መስሎት የፈራ፣ ሐኪሙ ጠዋት የተናገረው ያልገባው፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ሰው የናፈቀው ሁሉ ይጣራል። ነርሶች ለታማሚው መንፈስ የሚያደርጉት እንክብካቤ በአብዛኛው ለዚህ ጥሪ የሚሰጡት ምላሽ ነው። ምላሹን ለመስጠት ገና በመማር ላይ ያሉት ወጣቶችም የሚጨነቅ ልብ አላቸውና ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት አይቻልም።

ጭንቀትና ድባቴ እኛ ዘንድ በስማቸው ተጠርተው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡት ከስንት አንዴ ነው። ታማሚው የሚናገረው «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይመታኛል»፣ «ሐሳብ በዛብኝ» ብሎ ነው። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ሰው «እንዴት አደሩ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል፤ ጨዋነት እንጂ ውሸት አይደለም። ስለዚህ ልምድ ያላት ነርስ ከቃሉ ይልቅ ሌላ ሌላውን ታያለች፦ ሳይነካ የተመለሰውን ምግብ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋሉን፣ አስታማሚው ወጣ ሲል መተንፈሱ መለወጡን። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በአገራችን ጥናቶችም በሰፊው የሚሠራበት ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅም ይህን ጠባይ የተረዳ ይመስላል። የሚጀምረው ስለ ሐዘን በመጠየቅ አይደለም። «ብዙ ጊዜ ራስዎን ያምዎታል?» ብሎ ይነሣል፤ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ እንቅልፍ ይጠይቃል፤ ሕይወትን ስለ ማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቀው 17ኛው ላይ ሲደርስ ነው።

የመንፈስ እንክብካቤ ሲባል ብዙ ሰው ለብቻው የተቀመጠ የምክር አገልግሎት ይታየዋል። አልጋው አጠገብ ግን ከሌላው ሥራ ተለይቶ አይታይም። አንዲት ነርስ መርፌ ልትወጋ ስትመጣ የምታደርገውን እንውሰድ። መጋረጃ ካለ ትስባለች። ታማሚዋን በስሟ ትጠራለች፤ በዕድሜ የምትበልጣት ከሆነች «እማማ» ትላለች። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያም ትነግራለች፤ «ምንም አያምም» አትልም፣ ሲያም እምነት ይጠፋልና። ወግታ ስትጨርስ ቦታውን በጥጥ ይዛ ጥቂት ትቆያለች፤ በመጨረሻ «ጨርሶ ይማርዎ» ብላ ትሄዳለች። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያለ አንድ ቃል ከወጋች ደግሞ መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው፤ ታማሚዋ ግን እስከሚቀጥለው መርፌ ሰዓት ድረስ በፍርሃት ትውላለች።

ከባዱ ነገር መጥፎ ዜና ነው። በባህላችን መርዶ ያለ ወግ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ብዙውን ጊዜ ማልዶ ይነገራል፤ ሰሚው ብቻውን እንዳይሆን ታስቦበት ነው። ሆስፒታል ውስጥም ቤተሰብ «ለእሱ አትንገሩት» ብሎ ሐኪሙን ይለምናል፤ የካንሰር ምርመራ ውጤት ከታማሚው በፊት ወንድሙ ዘንድ ይደርሳል። ነርሷ በመካከል ትቆማለች። ታማሚው ማታ ቀስ ብሎ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» ይላታል። ስለ ራሱ ማወቅ መብቱ ነው፤ የቤተሰቡ ፍርሃትም ከፍቅር የመጣ ነው። በእኔ አስተያየት ወጉን መጣል አያስፈልግም፤ መጠቀም ይቻላል። ታማሚው ማን አብሮት እንዲሆን እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ እነሱን መጥራት፣ ከዚያ በሐኪሙ አፍ በግልጽ እንዲነገረው ማድረግ። የአገራችን አስታማሚ ያጥባል፣ ያጎርሳል፣ ወለል ላይ አንጥፎ ያድራል፤ ከዚህ ዜና ውጭ ሊሆን አይገባም፣ አይችልምም።

ሙያው በአገራችን ዘመናዊ መልክ የያዘበት ታሪክ ከልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስም ጋር ይያያዛል። ልዕልቷ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 በነርስነት ተመረቁ፤ ወደ አገር ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ በ1934 ዓ.ም. አረፉ፤ መታሰቢያ ሆስፒታልም አዲስ አበባ ላይ በስማቸው ተሠራ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የኅብረተሰብ ነርሶችን ከጤና መኮንኖች ጋር እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። የአእምሮ ሕክምና ግን ለረጅም ዘመን አዲስ አበባ በሚገኘው በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነበር። የአእምሮ ሐኪሞች በአገር ውስጥ መሠልጠን የጀመሩት በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም በክልል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከፍተው፣ መድኃኒት አስጀምረው፣ በሰንሰለት ታስሮ የመጣውን አስፈትተው የሠሩት በአብዛኛው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ናቸው። ይህ ውለታ በሚገባው ልክ ተነግሮለታል ብዬ አላምንም።

ነርስ ምን ያህል እንደምትችል በጉራጌ ዞን የተካሄደ ጥናት አሳይቷል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሲታዩ፣ ገሚሶቹ በቅርባቸው ባለ ጤና ጣቢያ አጭር ሥልጠና በወሰዱ መደበኛ የጤና ባለሙያዎች ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት ከአንድ ዓመት በኋላ በሕመም ምልክት ረገድ የጤና ጣቢያው ክትትል ከሆስፒታሉ ያላነሰ መሆኑን አረጋገጠ። ወደ ጸበል የሚሄደው ታማሚም በዚህ መንገድ ይጠቀማል፤ መድኃኒቱ ሩቅ ከተማ ካልሆነ ጸበሉንም ሕክምናውንም አጣምሮ መከታተል ይችላል።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ እንምጣ። ብዙዎቹ «ነርሲንግ ደረሰኝ» ይላሉ፤ ምደባው ነው የወሰነላቸው። ከቤተሰብ ርቀው፣ በሃያ ዓመት ዕድሜ ዙሪያ፣ ነጭ ጋውን ለብሰው ዋርድ ይገባሉ። ጠዋት የደም ግፊት የለካችለት ሰው ማታ ሲሞት ያየች ተማሪ አስከሬኑን ስታዘጋጅ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሥራው ሲያልቅ ቀጣዩ ታማሚ ይጠብቃታል፤ ዶርም ስትመለስ ደግሞ የነገ ፈተና። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም በዚያ ላይ ተጨምሯል። ያ ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ላይም በተደጋጋሚ ተሞልቷል። ስለ ሌላው እንቅልፍ የምትጠይቀው ልጅ የራሷን እንቅልፍ የሚጠይቃት የምታገኘው በጥናት ወቅት ብቻ ከሆነ ያሳዝናል።

ኢዛቤል ሜንዚስ የተባለች ብሪታኒያዊት ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአንድ የለንደን ሆስፒታል የታዘበችው ነገር ዛሬም ይነበባል። ነርሶቹ ከሕመምና ከሞት የሚመጣውን ጭንቀት የሚሸሹት ሥራውን በመቆራረጥ ነበር፦ አንዷ ሙቀት ብቻ፣ ሌላዋ ምግብ ብቻ። ታማሚው ስሙን አጥቶ «አልጋ 10 ላይ ያለው ጉበት» ይባል ነበር፤ የተኛን ሰው ቀስቅሶ የእንቅልፍ ኪኒን መስጠትም ነበር። ከተማሪዎቹ ሲሶ ያህሉ ሳይጨርሱ ይወጡ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚወጡት የተሻሉት ነበሩ። «አልጋ ስምንት አለቀሰች» የሚል የተረኞች ርክክብ ለሰማ ኢትዮጵያዊ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ተማሪዋ ልቧን የምትዘጋው ክፉ ስለሆነች ሳይሆን ልቧን ከፍታ የምትቆይበት መንገድ ስላላሳዩዋት ነው።

የጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። መልካም አጀንዳ ነው፤ ግን ርኅራኄ በግድግዳ ጽሑፍ አይስፋፋም። አንዳንድ የተግባር አስተማሪዎች የሚያደርጉት ነገር ከዚያ የበለጠ ይሠራል። ሞት በነበረበት ቀን ተማሪዎቹን ወደ ዶርም ከመልቀቃቸው በፊት በነርሶች ክፍል ሻይ ይዘው ያስቀምጧቸዋል። ምልክቱንና መድኃኒቱን አይጠይቁም። መጀመሪያ የሚጠይቁት የሟቹን ስም ነው፤ ቀጥሎ ማን አጠገቡ እንደነበረች፣ ከዚያም ያቺ ልጅ ምሳ በልታ እንደሆነ።