የመሬት ሽክርክሪት ትንበያ ምንድን ነው?

ጅማ፣ ፀጉር ቤት ወረፋ እየጠበቅኩ ነው። አንድ ልጅ የሚዞረው ወንበር ላይ ወጥቶ፣ በየእጁ ሃይላንድ ውኃ ይዞ ይሽከረከራል። እጁን ሲዘረጋ ቀስ ይላል፤ ወደ ደረቱ ሲሰበስብ ይፈጥናል። «ኧረ ወንበሬን እንዳትሰብረው!» ይላል አስተካካዩ።

መሬትም በዛቢያዋ ላይ ስትዞር እንደዚያው ናት። ቀን 24 ሰዓት ነው ብለን ተምረናል። ግን አንዱ ቀን ከሌላው በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ፣ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ሰኔ 22 ቀን 2014 ዓ.ም. 1.59 ሚሊሰከንድ ጎድሎ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የጃፓኑ ርዕደ መሬት ድንጋይ ወደ ውስጥ ስለሰበሰበ ቀንን በ1.8 ማይክሮሰከንድ (በሰከንድ ሚሊዮንኛ) ገደማ እንዳሳጠረ ተሰልቷል። የልጁ እጅ ማለት ነው።

ትንበያው እንዲህ ያለውን ልዩነት አስቀድሞ ማስላት ነው። የጨረቃ ስበት የሚያመጣው ለውጥ ቀላሉ ነው፤ ጨረቃ የት እንደምትሆን ለዓመታት ይታወቃል። ራስ ምታቱ ነፋስ ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሲበረታ ሽክርክሪቱን ከመሬት ይበደራል፤ እሷ ትዘገያለች፣ ቀኑ ይረዝማል። በድርቅ የምናውቀው ኤልኒኞ እንኳ ቀን ያስረዝማል። ስለዚህ ተንባዮቹ የአየር ትንበያ ላይ ይደገፋሉ። ለጥቂት ቀናት ጥሩ ይሠራል፤ ወራት ሲርቁ ግን ይደክማል። መሬት ሆድ ውስጥ የሚገላበጠው የቀለጠ ብረትማ ጭራሽ ጠባዩ አይያዝም።

ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይሠራል? ጅማ ወደ ምሥራቅ በሰከንድ 460 ሜትር ገደማ እየሮጠች ነው። 1 ሚሊሰከንድ ስህተት 46 ሳንቲሜትር ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶችን መንገድ የሚያሰሉ ሰዎች ከሳተላይቶቹ በታች ያለችው መሬት ምን ያህል እንደዞረች ካላወቁ፣ ባጃጅ ጠርተን ስልካችን ላይ የምናያት ነጥብም ትስታለች። ማረጋገጫው ከሰማይ ነው፤ በተለያዩ አህጉራት ያሉ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ኩዋሳር የሚባሉ እጅግ ሩቅና ብሩህ የጋላክሲ ማዕከሎችን አብረው ያዳምጣሉ፤ የሬዲዮ ሞገዱ የትኛው ጋ ቀድሞ እንደደረሰ ያነጻጽራሉ።

ልዩነቱ ሲጠራቀም ሰዓታችን ላይ ሰከንድ ይጨመራል። ከ1964 ዓ.ም. ወዲህ 27 ጊዜ ተጨምሯል፤ በየጊዜውም ትንበያው ታይቶ ከወራት በፊት ይነገራል። የመጨረሻው ታኅሣሥ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ60 ሰከንድ የሚባል ነገር ጅማ ላይ አለፈ። እኔ ተኝቼ ነበር።