ፈቃድ ይዞ መቀጣት፦ የዳክዬ ቴምብር ነገር

አሜሪካ ውስጥ ዳክዬ አዳኝ የዱር እንስሳት ጠባቂ ሲያስቆመው ፈቃዱን አሳይቶ የሚገላገል ይመስለዋል። ጠባቂው ግን «ቴምብሩስ?» ይላል። ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ ነው፤ ዳክዬና ዝይ ግን ድንበር እያቋረጡ የሚሰደዱ ወፎች በመሆናቸው የፌዴራሉም መንግሥት እጁ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው ሕግ መነሻ፣ 16 ዓመት የሞላው አዳኝ የ25 ዶላር የፌዴራል ቴምብር ይገዛል። ገንዘቡ ወፎቹ የሚያርፉበትን ረግረጋማ መሬት ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል። የወረቀቱ ቴምብር ደግሞ ፊቱ ላይ በቀለም ካልተፈረመበት አይሠራም። የቴምብሩ ሥዕል ስለሚያምር ሰው ሊፈርምበት የሚሳሳ ይመስለኛል፤ ግን ሳይፈርሙ መቅረት አያዋጣም።

ከዚያ ተራው የጠመንጃው ነው። ጠባቂው ጥይቱን አስወጥቶ አንድ በአንድ መልሶ ያጎርሰዋል። አራተኛው ከገባ ጥፋት ነው። «እኔ እኮ ሁለት ብቻ ነው ያጎረስኩት» ማለት አያድንም፤ የሚለካው የተጫነው ሳይሆን መሣሪያው መያዝ የሚችለው ነው። ለዚህ ነው ከሦስት በላይ እንዳይዝ ከውስጥ ውታፍ የሚደረግለት። ኪስም ይታያል፦ ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የውሃ ወፍ በእርሳስ ጥይት ማደን ክልክል ነው፤ ወፎች የወደቀውን የእርሳስ እንክብል ከጭቃው ለቅመው እየዋጡ ይመረዙ ነበርና።