ምድርን ያሞቃት ማን ነው? የሚባለውና እውነታው

ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር የሚወራው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ሰው ምን አቅም ኖሮት ነው ምድርን የሚያሞቀው?» ብሎ ነገሩን ከሥሩ ይክዳል። ሌላው ዝናብ ሲቀር፣ ሐይቅ ሲደርቅ፣ ጎርፍ ሲመጣ ሁሉንም «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛው የተማረ ሰው አነጋገር ስለሚመስል የሚጠይቀው የለም፤ እኔን ግን ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ያሳስበኛል። ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ምድር ድሮም ትሞቃለች፣ ትቀዘቅዛለች፤ የአሁኑም ያው ነው»

ግማሹ እውነት ነው፤ ማስረጃውም እዚሁ አገር ቤት አለ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ። የጥንቱ ውኃ ትቶት የሄደው ደለል ዛሬ ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ ይታያል። በዚያ ዘመን ሰሃራም ሣርና ሐይቅ ነበረው። ያን ዝናብ ያመጣውም የወሰደውም የምድር ዘንግ በዝግታ አቅጣጫውን እየቀየረ መዞሩ ነው፤ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከ20 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

የአሁኑ ሙቀት ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ የዓለም አማካይ ሙቀት ከ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጨመረ ሲሆን አብዛኛው ጭማሪ የመጣው ባለፉት 50 ዓመታት ነው። 2024 ደግሞ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ በልጦ የተመዘገበ የመጀመሪያው ዓመት ሆኗል። በዚህ ዕድሜ ውስጥ የምድር ዘንግ ይህን ሊያደርስ የሚችል ለውጥ አላደረገም። የተለወጠው በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ይህ ጋዝ የምድርን ሙቀት ይዞ ያስቀራል፣ ሲበዛም ምድር ትሞቃለች።

«ካርቦኑ ከእሳተ ገሞራ ነው የሚመጣው»

ኤርታ አሌን የያዘ አገር ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሆኖም የምድርና የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራዎች ተደምረው በዓመት የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰው ልጅ ከሚለቀው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይት፣ ከተፈጥሮ ጋዝና ከሲሚንቶ የሚወጣው በዓመት ከ35 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው።

ለተጠራጣሪ ግን ብዛቱ ብቻ አያሳምንም፤ «ከዚያ እንደመጣ በምን ታወቀ?» ማለቱ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ካርቦን የትውልድ ቦታውን ምልክት ይዞ ይጓዛል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ካርቦን 14 የሚባለውን ዓይነት በጥቂቱ ይይዛል፤ ይህ ካርቦን በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ በኖረ ከሰልና ዘይት ውስጥ ፈጽሞ የለም። እናም የሚጨመረው ካርቦን ከመሬት ሥር የወጣ ከሆነ በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን 14 ድርሻ መሳሳት አለበት። ሃንስ ዙስ የተባለው ኬሚስት በ1950ዎቹ የዛፍ ግንድ ቀለበቶችን መርምሮ ይህንኑ አገኘ።

እሳተ ገሞራም ቢሆን ካርቦን 14 የለውም፣ ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ የሚለያቸው ሌላ ምልክት ነው። ዕፅዋት ምግባቸውን ሲሠሩ ከባዱን ካርቦን 13 ትተው ቀላሉን ካርቦን 12 ያዘወትራሉ። ከሰልና ዘይት ከጥንት ዕፅዋትና ረቂቅ ሕይወት የተገኙ በመሆናቸው ካርቦን 13 ያንሳቸዋል፤ የእሳተ ገሞራው ጋዝ ግን እንዲህ አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን 13 ድርሻም እየቀነሰ ነው። በዚህ ላይ ኦክስጅን በጥቂቱ እየጎደለ ነው፤ የሚነድ ነገር ኦክስጅን ይበላልና። ሦስቱ ምልክቶች በአንድ ላይ የሚያመለክቱት ወደ ምድጃው፣ ወደ ሞተሩና ወደ ፋብሪካው ነው።

በአየር ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በተከታታይ መለካት የተጀመረው በ1958 ነው። ቻርልስ ኪሊንግ መሣሪያውን የተከለው ሀዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ በተባለ ተራራ ላይ ሲሆን፣ ተራራው ራሱ እሳተ ገሞራ መሆኑን ለክርክር የሚያነሡት አሉ። ነገር ግን ነፋሱ ከእሳተ ገሞራው አፍ በኩል ሲነፍስ የሚመዘገበው ጭማሪ ድንገት ዘልሎ የሚወርድ ስለሆነ ተለይቶ ይወጣል፤ ከእሳተ ገሞራ ርቆ በደቡብ ዋልታ የሚደረገው ልኬትም ያንኑ ዕድገት ያሳያል። ያኔ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ አሁን ከ420 አልፏል። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት 280 ገደማ ነበር። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ታስሮ የተገኘው የ800 ሺህ ዓመት አየር አንድም ጊዜ እንዲህ ከፍ ብሎ አያውቅም።

«ፀሐይ ናት የበረታችው»

አልበረታችም። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሳተላይቶች ኃይሏን ሲለኩ ኖረዋል፤ በየ11 ዓመቱ ከሚታየው ትንሽ ከፍና ዝቅ በስተቀር ጭማሪ የለም። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ደግሞ የታችኛውም የላይኛውም አየር አብሮ ይሞቅ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፦ እኛ የምንኖርበት የታችኛው አየር ሲሞቅ ከላይ ያለው ስትራቶስፌር ቀዝቅዟል። ጋቢ የደረበ ሰው ውስጡ ሲሞቀው የጋቢው ውጫዊ ገጽ ግን እንደማይሞቀው ሁሉ፣ ሙቀቱ ከታች ተይዞ ቀርቷል።

«ኦዞኑ ተቀዶ ነው»

ይህ ከትምህርት ቤት የተረፈ መደበላለቅ ነው። የኦዞን ሽፋን የሚከላከለው ቆዳና ዓይን የሚጎዳውን የፀሐይ ጨረር ነው። የሳሳው በማቀዝቀዣና በሚረጩ ዕቃዎች ውስጥ በነበሩ ጋዞች ሲሆን፣ በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ጋዞቹ እየታገዱ ሽፋኑ በማገገም ላይ ይገኛል። የምድር መሞቅ ዋና ምክንያት ሌላ ነው።

«ጥፋቱ የእኛው ነው፤ ዛፉን ጨርሰን ነው»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ቅን ሰዎች ስለሆኑ ጠንከር አድርጎ መመለስ ይከብዳል። መመለስ ግን ያስፈልጋል። መላው አፍሪካ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ከሚወጣው የዓለም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ድርሻ 4 በመቶ አካባቢ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት በአማካይ ከ0.2 ቶን በታች ሲለቅ አንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ገደማ ይለቃል። ዋሽንግተን የምትኖር እኅታችን ለሥራ በመኪና ስትመላለስ የምታቃጥለው ነዳጅ ብቻ እናቷ ቀበሌ ካሉ ብዙ ቤተሰቦች ነዳጅ ይበልጣል።

በዚያ ላይ ከአፍ የማይጠፋው «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው ደን ነበር፣ ዛሬ 3 በመቶ ቀርቷል» የሚለው አባባል መሠረቱ ደካማ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1990ዎቹ ቁጥሩን ወደ ኋላ ተከትሎ ሲፈትሽ፣ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ የኖረ እንጂ በልኬት የተደገፈ እንዳልሆነ አሳይቷል። የሰሜኑ ደጋ ብዙ ቦታ ከመቶ ዓመት በፊትም የታረሰና የተራቆተ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ባለው የደን ትርጓሜ መሠረት ሽፋኑ 15 በመቶ አካባቢ ነው፤ ትርጓሜው ሲለወጥ ቁጥሩም አብሮ ስለሚለወጥ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።

ይህ ማለት ግን መጥረቢያው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በባሌና በደቡብ ምዕራብ ያለው ደን ዛሬም ይመነጠራል። የደን ምንጣሮና የመሬት አጠቃቀም ለውጥ የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአሥር አንድ ያህሉን ይይዛል። ወደ ሻሸመኔ ስትሄዱ በመንገዱ ዳር ሣር ጉንጉን ተደርጎባቸው የተደረደሩትን የከሰል ማዳበሪያዎች ታውቋቸዋላችሁ። ግራሩ ተቆርጦ ይከመራል፣ ሣርና አፈር ይለብሳል፣ አየር እየተነፈገ ለቀናት ይጨሳል። ከእንጨቱ ኃይል አብዛኛው እዚያው በጢስ ይባክናል፤ ከጢሱ ጋርም ሚቴን የሚባል ሌላ ሙቀት የሚይዝ ጋዝ ይወጣል። የተቆረጠው ዛፍ ተመልሶ ካደገ ካርቦኑን መልሶ ይይዘዋል፤ ካላደገ አየር ላይ ይቀራል። ችግኝ የመትከሉ ጥቅም ከዚህ ላይ ነው፤ ከተተከለው ይልቅ የጸደቀው ቢቆጠር ደስ ይለኝ ነበር።

«የላሟ ነገር ቀልድ ነው»

ቀልድ የሚመስለው ጋዙ ከኋላ ይወጣል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። አብዛኛው የሚወጣው በግሳት፣ በአፏ በኩል ነው፤ ስታመሰኳ በጨጓራዋ ያሉ ረቂቅ ነፍሳት ሚቴን ይሠራሉ። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ያሞቃል፤ በአየር ላይ የሚቆየው ግን 12 ዓመት ገደማ ስለሆነ ቢቀነስ ውጤቱ ቶሎ ይታያል። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በቀን ሁለት ሊትር የማይሞላ ወተት የምትሰጥ የአገር ላምም ታገሳለች፣ ስለዚህ ለአንድ ሊትር ወተት የሚወጣው ሚቴን ብዙ ነው። ገበሬውን ከብትህን ሽጥ ማለት ግን ትራክተሩን፣ ባንኩንና ኩበቱን አንድ ላይ ንጠቀው ማለት ነው፤ የተሻለ መኖና ሕክምና ያገኘች ላም ለገበሬውም ለአየሩም ትሻላለች።

«መብራታችን ከውኃ ነው፣ እኛ ንጹሕ ነን»

ስለ መብራቱ እውነት ነው። በየሠፈሩ የሚቆመው ፎቅ ግን ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ ከ1,400 ዲግሪ በላይ በሚግል እቶን ይጠበሳል፤ ድንጋዩ ራሱ ሲፈርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። እቶኑ በሌላ ነዳጅ ቢሞቅ እንኳ ይህ አይቀርም፤ በእኛ አገር ደግሞ የሚነደው በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል ነው።

«የደረቀ ሁሉ በአየር ንብረት ለውጥ ነው የደረቀው»

ሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲደርቅ እንዲህ ተብሎ ነበር። ሐይቁ ለሐረር ከተማ ይጠጣ ነበር፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር ይሳብ ነበር፣ ከተራቆተው ኮረብታም ደለል ይሞላው ነበር። ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመልሷል፤ የዓለም ሙቀት ግን በዚያ መካከል ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አልታየም። አብያታ ሲሸሽ በሳቃ ሐይቅ በተቃራኒው እየሰፋ የመተሐራን ዙሪያ አጥለቅልቋል፤ በአብያታ በኩል ገባሩ ውኃ ለመስኖ ተወስዷል፣ በበሳቃ በኩል የመስኖ ትርፍ ውኃና የከርሰ ምድር ውኃ ገብቷል። ሁለቱም የሰው እጅ አለባቸው፤ ነገር ግን ውኃ የሚስበውን ሞተር ትቶ ሰማዩን መክሰስ ለሞተሩ ባለቤት ይመቸዋል።

ሙቀቱን በትክክል መክሰስ የሚቻልበት ቦታም አለ። በ2014 የታተመ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ የተመዘገበውን የወባ መረጃ ከየዓመቱ ሙቀት ጋር አነጻጽሮ ነበር። በሞቃት ዓመታት በሽታው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች ይወጣል፣ በቀዝቃዛ ዓመታት ወደ ታች ይመለሳል።