ቪዲዮ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ማየት

ቪዲዮ ማውረድ ማለት ኢንተርኔት ላይ ያለውን ቪዲዮ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ በኋላ ያለ ኔትወርክ ማየት ነው። እኛ አገር ራሱ የሚያወርድ አለ፣ የሚያስጭንም አለ። የሚያስጭነው ሞባይል ቤት ይሄድና ፍላሹን ሰጥቶ «ፊልም ጫንልኝ» ይላል። ባለሱቁ አንዴ ያወረደው ለስንቱ ይዳረሳል። ቴሌግራምም እንደዚያው ነው፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበል ሙሉ ፊልም ሳይቆራረጥ ይላካል። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ስልክ ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠ ቪዲዮ ብቻ ነበር የሚታየው።

ትልቁ ጥያቄ ዳታ ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈጅ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። ኳሊቲው ከፍ ሲል ፍጆታውም ያድጋል። በስልክ ለሚታይ ቃለ መጠይቅ የ360 ኳሊቲ (ምስሉ ከላይ እስከ ታች 360 መስመር ያለው) ይበቃል ባይ ነኝ። ኳስ ጨዋታ ከሆነ ግን በ360 ኳሷ ራሷ ትጠፋለች። ብዙ ሰው የሌሊት ፓኬጅ ገዝቶ፣ ማውረጃውን አስጀምሮ ይተኛል። ስለዚህ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ መምረጥ ነው፤ ጠዋት 97 ከመቶ ላይ የቆመ ፋይል ማግኘት ያንገበግባል።

ዩቲዩብ ከፍ ባለ ኳሊቲ ምስሉንና ድምፁን ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ማውረጃው ሁለቱንም አምጥቶ ማጋጠም አለበት። ድምፅ የሌለው ቪዲዮ የሚወርደውም ብዙ ጊዜ ይህ ሳይሆን ሲቀር ነው። በኮምፒውተር ማጋጠሙን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኤፍኤፍምፔግ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው።

የዩቲዩብ ደንብ ራሱ ከሰጠው የማውረጃ ቁልፍ ውጭ ማውረድን ይከለክላል። በፕሪምየም (በሚከፈልበት የዩቲዩብ አገልግሎት) የወረደ ቪዲዮ ያለ ኢንተርኔት እስከ 29 ቀን ይታያል፤ ግን ከመተግበሪያው ወጥቶ ፍላሽ ላይ አይገለበጥም። የአገራችን ዘፋኞች ከዩቲዩብ የሚያገኙት ገቢ ከእይታ ጋር የተያያዘ ነው። አውርደን በእጅ ስናዞረው እይታው አይቆጠርላቸውም፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

አሁን የወረደውን ቪዲዮ ወደ ሌላ ዓይነት ወደ መቀየሩ። ፍላሹ አሮጌ ቲቪ ላይ ይሰካል፤ ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ጥቁር ነው። ኤምፒ4 እና ኤምኬቪ የሚባሉት የቪዲዮ ፋይል ዓይነቶች መያዣ ዕቃ ናቸው፤ ጀሪካን በሏቸው። ውስጡ ያለው ምስል ግን ኤች.264 ወይም አዲሱ ኤች.265 በሚባል የመጭመቂያ ዘዴ የተጨመቀ ነው። አሮጌው ቲቪ አዲሱን መፍታት አይችልም። ጀሪካኑን ብቻ መቀየር ሰከንዶች ቢፈጅ ነው፣ ኳሊቲም አይነካም፤ ግን ለእንዲህ ያለው ችግር አይረዳም። ውስጡ እንደገና መጨመቅ አለበት። ይህ በደካማ ላፕቶፕ ሰዓታት ይወስዳል፣ በየዙሩም ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል። ከ360 ወደ 1080 የተቀየረ ቪዲዮ ደግሞ ያብጣል እንጂ አይጠራም።

ፍላሹም የራሱ ጣጣ አለው። ፋት32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት የተደረገ ከሆነ፣ የፈለገውን ያህል ባዶ ቦታ ቢኖረው ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት በሚባለው ሌላ አቀማመጥ ፎርማት ቢደረግ ይቀበላል። ፎርማት ሲደረግ ግን በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋልና መጀመሪያ ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። ኤክስፋትን የማያነቡ አሮጌ ቲቪዎችም ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ፊልሙን ለሁለት መክፈል ወይም ዝቅ ባለ ኳሊቲ ማውረድ ይሻላል።