የቆየ የሳንባ ብግነትና ሊምፎማ፦ የሚባለውና እውነታው

«ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው መጨረሻው ካንሰር ነው።»

አይደለም። በሳንባ ነቀርሳና ሊምፎማ በሚባለው የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር መካከል ያለው ግንኙነት ጎልቶ የታየው ጃፓን ውስጥ ነው፤ ያውም በጣም የተለየ ታሪክ ባላቸው ሕመምተኞች ላይ። ፍቱን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ሐኪሞች ደረትን በመርፌ ወግተው አየር ያስገቡ ነበር፤ የታመመው ሳንባ ተኮማትሮ እንዲያርፍ ብለው። በአንዳንዶቹ ላይ ታዲያ በሳንባውና በደረት ግድግዳ መካከል መግል ቋጥሮ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜም 40 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከዚያው ቦታ ሊምፎማ ተነሳ። የጃፓን ሐኪሞች ይህን በ1987 እ.ኤ.አ. ጽፈው አሳወቁ። መግል ከቋጠረባቸው መካከል እንኳ ሊምፎማ የያዘው ጥቂቶቹን ነው። በመድኃኒት ታክሞ የዳነ ሰው በዚህ እንቅልፍ ማጣት የለበትም።

«ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ካለብኝ አለቀልኝ።»

ከዚህ ሊምፎማ ጋር ስሙ የሚነሳው ይህ ቫይረስ ከ10 አዋቂዎች 9ኙ ላይ አለ። በምራቅ ይተላለፋል፣ ቢ ሴል በሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ዕድሜ ልክ ይደበቃል፣ የሰውነት መከላከያም ይቆጣጠረዋል። ችግሩ ቁጥጥሩ ሲላላ ነው። ለዓመታት መግል በያዘው ዝግ ቦታ ብግነቱ አይበርድም፤ እንደ ኢንተርሉኪን-6 ያሉ ቢ ሴሎችን የሚያበዙ ኬሚካሎች ይመነጫሉ፣ ኢንተርሉኪን-10 ደግሞ የመከላከያ ሴሎችን ያዳክማል። ሌላ ቦታ ቢሆን ወዲያው ታውቀው የሚጠፉ ቫይረሱን የተሸከሙ ሴሎች እዚያ ተሸሽገው ይራባሉ። ስለዚህ ቫይረሱም ሆነ ያኔ የገባው አየር ለብቻው በቂ ምክንያት አይደለም።

«ያው የሳንባ ካንሰር ነው፤ ይተላለፋልም።»

ሁለቱም ስህተት ነው። የሚነሳው ከሳንባው ሥጋ ሳይሆን በሳንባው ሽፋን አካባቢ ካለ ቢ ሴል ነው፤ ሕክምናውም ይለያል። ሊምፎማ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም።

«ደረቱን ካመመው የድሮው በሽታ ተነሥቶበት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?»

እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። የደረት ወይም የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር የነቀርሳም የሊምፎማም ምልክቶች ናቸው። ነቀርሳ በተስፋፋበት እንደ እኛ ባለ አገር ግምቱ ቶሎ ወደዚያ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ነገር ግን በሳንባውና በደረት ግድግዳው መካከል ለዓመታት መግል የቋጠረበት ሰው ደረቱ ላይ አዲስ እብጠት ካወጣ በግምት መድኃኒት መጀመር አይበቃም። ሲቲ ስካን ይነሣ፣ ከእብጠቱም ናሙና ተወስዶ ይመርመር። ቫይረሱ በዕጢው ሴሎች ውስጥ መኖር አለመኖሩም የሚታየው በዚሁ ናሙና ላይ ነው።